«ኦድስ ኤንድ ኤንድስ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና የአማርኛ አቻው

መግቢያ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ከሁሉ በላይ የሚቸገረው በምንድን ነው ቢባል፣ ብዙዎቻችን «በፈሊጥ» ብለን እንደምንመልስ አልጠራጠርም። ሰዋስው ቢከብድም ቢያንስ ሕግ አለው። ፈሊጣዊ አነጋገር ግን እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ብናውቀውም፣ ቃላቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ሆነው ይጠብቁናል። ለዚህ ዕትም የመረጥኩት አነጋገር «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» የሚለው ነው። በልቦለድም፣ በፊልምም፣ በጋዜጣም፣ በተራ ወሬም ውስጥ ሞልቷል።

መዝገበ ቃላት ገልጠን ቃል በቃል እንሂድ ብንል ምን እናገኛለን? «ኦድ» ሲባል አንድም ጎዶሎ ቁጥር፣ አንድም እንግዳ ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ማለት ነው። «ኤንድ» ደግሞ መጨረሻ። ስናጋጥማቸው «ጎዶሎዎችና መጨረሻዎች» ወይም «እንግዳ ነገሮችና መጨረሻዎች» ይሆናል። ይሄ ደግሞ ለማንም ስሜት አይሰጥም። ነገሩን የሚያብሰው አነጋገሩ ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ፈጠን ብለው ሲናገሩት መሐል ያለው «ኤንድ» ተውጦ አንዲት «ን» ብቻ ትቀራለች። እኛ ጆሮ የሚደርሰው «ኦድዝንኤንድዝ» የሚል አንድ ረጅም ቃል ነው።

ታዲያ ስለ አንድ ፈሊጥ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ከትምህርት ክፍላችን የምንወጣ ብዙዎቻችን ነገ ወይ እናስተምራለን፣ ወይ እንተረጉማለን። አስተማሪ ስለ አንድ አነጋገር አመጣጥ የነገረው ታሪክ በሃምሳ ተማሪ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ከደብተሩም ወደ ሌላ ደብተር ይገለበጣል። ታሪኩ ያማረ ግን የተፈጠረ ከሆነ ደግሞ ለማጥፋት አስቸጋሪ ነው፤ ያማረ ነገር አይረሳማ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአነጋገሩን ትርጉምና አመጣጥ ከማየታችን ጋር፣ እውነተኛውን ታሪክ ከተረቱ እንዴት እንደምንለይም አብረን እንመለከታለን።

ትርጉሙና አጠቃቀሙ

«ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» የሚባሉት ከትልቅ ነገር ተርፈው ወይም ከጓደኞቻቸው ተነጥለው የቀሩ፣ ዓይነታቸው የተለያየ፣ እያንዳንዳቸው ብዙም ዋጋ የሌላቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። እስቲ የማንኛችንንም ቤት መሳቢያ በሐሳባችሁ ክፈቱ። ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ፣ ግማሽ ሻማ፣ የተቋጠረ ክር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የበር ቁልፍ፣ አንድ ብሎን፣ ያለቀ ይሁን ያላለቀ ያልተለየ የባትሪ ድንጋይ። ይህን ሁሉ ባንድ ስም ጥራ የተባለ እንግሊዛዊ የሚለው «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ነው።

በአጠቃቀሙ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

1ኛ፣ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ነው የሚነገረው። «አንድ ኦድ ኤንድ ኤንድ» ብሎ ነገር የለም። ግሡም በብዙ ቁጥር ይከተላል። «ጥቂት» ወይም «አንዳንድ» የሚለውን ከፊቱ ማስቀደም ይቻላል፤ «ሰባት ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ብሎ መቁጠር ግን ለጆሮ ይቀፋል። ቢቆጠርማ ኖሮ ምናምን ባልሆነ!

2ኛ፣ ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለሥራም ያገለግላል። ዋናው ሥራ አልቆ እዚህም እዚያም የቀረች ትንንሽ ጉዳይ ስትኖር «የምጨርሳቸው ኦድስ ኤንድ ኤንድስ አሉኝ» ይባላል። ለሐሳብና ለጽሑፍም ይሆናል። ቦብ ዲላን ከ«ዘ ባንድ» ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ከቀዳቸውና በ1975 እ.ኤ.አ. በአልበም ከወጡት ዘፈኖች የመጀመሪያው ርዕሱ ይኸው አነጋገር ነው።

3ኛ፣ ቆሻሻ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆሻሻ ይጣላል፤ «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ግን የተቀመጠ ነገር ነው። ዋጋው ትንሽ ይሁን እንጂ «አንድ ቀን ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ የቀረ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ የቃላቱ ታሪክ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

«ኦድ» ከየት መጣ?

ቃሉ በመጀመሪያ እንግሊዝኛ አልነበረም። ከ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ቫይኪንጎች የሚባሉት የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች እንግሊዝን ይወሩ ጀመር። በ793 እ.ኤ.አ. የሊንዲስፋርንን ገዳም መዝረፋቸው ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል። በኋላ ግን ዘርፈው መሄዱን ትተው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ፣ አረሱ፣ ተጋቡ። ቋንቋቸውም ከእንግሊዝኛው ጋር ተቀላቀለ። ዛሬ እንግሊዝኛ የምንላቸው «ኤግ»፣ «ናይፍ»፣ «ዊንዶው»፣ «ስካይ»፣ ሌላው ቀርቶ «እነርሱ» የሚለው ተውላጠ ስም «ዜይ» ከእነዚህ ሰዎች ቋንቋ የተገኙ ናቸው። «ኦድ»ም ከዚያው ነው።

በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «ኦዲ» ማለት ወደ ውኃ ሾል ብሎ የገባ መሬት ማለት ነበር። የጦር ጫፍ ማለት የሆነው «ኦድር» ዘመዱ ነው። ሾል ያለ መሬት ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ በዚህም ቃሉ ሦስት ማዕዘንን መጥሪያ ሆነ። በሦስት ማዕዘን ሥዕል ላይ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች ከታች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሦስተኛው ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ ሦስተኛው ጓደኛ የለውም። ቃሉ ወደ ቁጥር የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል አንድ የሚተርፈው ቁጥር መጠሪያ ሆነ።

የኖርስ ሰዎች በዚህ ቃል የሚጠሩት ሰውም ነበራቸው። ሁለት ወገኖች እኩል ሆነው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነገሩን በድምፁ የሚወስነውን ሦስተኛ ሰው «የኦዲ ሰው» ይሉት ነበር። የሚገርመው፣ በእንግሊዝኛ የጨዋታ ዳኛ የሚባልበት «አምፓየር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ይምጣ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ጥንተ ፍቺው «ጥንድ የሌለው» ማለት ነው። መጀመሪያ «ነምፓየር» ይባል ነበር፤ ከፊቱ የምትመጣው «ኤ» ከ«ነ» ድምፅ ጋር ተጣብቃ ስለተሰማች ሰዎች «አን አምፓየር» ብለው ቆረጡት።

«ኦድ» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ መታየት የጀመረው በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ትርጉሙም በየጊዜው እየሰፋ ሄደ፦

ሀ) በጥንድ በጥንድ ሲቆጠር የሚተርፈው አንዱ፤
ለ) ከድፍን ቁጥር በላይ የሆነው ትርፍ፣ ለምሳሌ እኛ «አርባ ምናምን ዓመት» የምንለውን እነርሱ «ፎርቲ ኦድ» ይሉታል፤
ሐ) ጓደኛው የጠፋበት ነገር፣ እንደ አንድ እግር ካልሲ ወይም አንድ እግር ጫማ፤
መ) በመጨረሻም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ከሌላው ጋር የማይሄድ፣ እንግዳ፣ ግራ የሚያጋባ።

እኛ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምንማረው የመጨረሻውን ትርጉም ነው። አነጋገሩ የሚጠራን ግን ወደ ቀድሞዎቹ ነው። በ«ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ውስጥ ያለው «ኦድ» እንግዳ ማለት ሳይሆን የተረፈ፣ ጥንድ ያጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከአማርኛችን ጋር አንድ ልዩነት እናያለን። እኛ ይህን ዓይነቱን ቁጥር «ጎዶሎ» እንለዋለን። በእኛ ዓይን ሰባት ስምንት ለመሆን አንድ ይጎድለዋል። በኖርሶቹ ዓይን ግን ሰባት ከስድስት በላይ አንድ ተርፎታል። ያው አንድ ቁጥር ነው፤ አንዱ የጠፋውን ያያል፣ ሌላው የቀረውን። «ኦድስ»ን «ጎዶሎዎች» ብለን ስንተረጉም ስሜቱ የሚገለበጥብን በዚህ ምክንያት ነው።

በስፖርት ውርርድ ቤት «ኦዱ ስንት ነው?» ሲባል የምንሰማው ቃልስ? እርሱም የዚሁ ቃል ልጅ ነው። «ኦድስ» አለመመጣጠን፣ የአንዱ ከሌላው መብለጥ ማለት ሆኖ ቆየና ወደ ውርርድ ገባ። የምንነጋገርበት ፈሊጥ ውስጥ ግን ውርርድ የለም።

«ኤንድ» ሁልጊዜ መጨረሻ ነው እንዴ?

«ኤንድ» የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ጀርመኖችም «ኤንደ» ይሉታል። ዋና ፍቺው መጨረሻ፣ ጫፍ ነው። ነገር ግን ከጫፍ ላይ ተቆርጦ የቀረውን ቁራጭም «ኤንድ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ተቃጥሎ ያለቀ ሻማ ግርጌ «ኤንድ» ነው፤ የገመድ ቁራጭ «ኤንድ» ነው፤ ከጣቃ ላይ ተለክቶ ሲሸጥ ቆይቶ ለልብስ የማይበቃው ጨርቅም «ኤንድ» ነው።

ጨርቅን በተለይ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ ለብዙ መቶ ዓመታት በሱፍና በጨርቅ ንግድ የኖረች አገር ናት፤ በቋንቋውም ውስጥ የጨርቅ ቤት ቃል ብዙ ነው። «ፋግ ኤንድ» የሚባለው መጀመሪያ የጣቃው የመጨረሻ ጫፍ፣ አሠራሩ ሻካራ የሆነው ክፍል ነበር። በኋላ የማንኛውም ነገር ውራጅ ጫፍ፣ ቀጥሎም የሲጋራ ቁራጭ መጠሪያ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ሲጋራ «ፋግ» የተባለውም በዚሁ ሰበብ ነው። ሸማኔዎቻቸው ደግሞ እኛ ድርና ማግ ከምንለው ውስጥ የድሩን እያንዳንዱን ክር እስካሁን «ኤንድ» ይሉታል።

እነዚህ ቁራጮች በዚያ ዘመን ዋጋ ነበራቸው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ልብስ ሰፊዎች ደንበኛ ካመጣው ጨርቅ የተረፈውን ቁራጭ ለራሳቸው ያስቀሩ ነበር፤ ሕዝቡም በቀልድ ለዚህ ቁራጭ «ካቤጅ»፣ ማለት «ጥቅል ጎመን»፣ የሚል ስም አወጣለት። ቀልዱ ውስጥ ጥርጣሬም ነበረበት፤ ልብስ ሰፊው ሆን ብሎ አትርፎ ይቆርጣል የሚል። በትልልቅ ቤቶች ያገለግሉ የነበሩ ሠራተኞችም የሻማ ቁራጭ የደንብ ድርሻቸው ነበር፤ ሰብስበው ይሸጡት ነበር። ጨርቅ በእጅ በሚሸመንበትና ሻማ ውድ በነበረበት ዘመን ትርፍራፊ የሚጣል ነገር አልነበረም። አነጋገሩ የተወለደው እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ቃላት እንዴት ተጣመሩ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከ«ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» በፊት ሌላ አነጋገር ነበር፤ «ኦድ ኤንድስ» የሚል፣ መሐሉ ላይ «እና» የሌለበት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራበት ነበር። በዚህ ውስጥ «ኦድ» ቅጽል ነው፤ «ኤንድስ»ን ይገልጻል። ባጭሩ «የተራረፉ ቁራጮች» ማለት ነው።

ሼክስፒርም ይህን አነጋገር ያውቀዋል። «ሪቻርድ ሦስተኛው» በተባለው ተውኔቱ የመጀመሪያ ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ላይ፣ ሪቻርድ እርቃኑን የቀረውን ክፋቱን ከቅዱስ መጽሐፍ በሰረቃቸው ቁራጮች እንደሚያለብሰው በኩራት ይናገራል። ለእነዚያ ቁራጮች የተጠቀመባቸው ቃላት «ኦድ» እና «ኤንድስ» ናቸው፤ መሐላቸውም «አሮጌ» የሚል ቃል ጨምሯል። በ1597 እ.ኤ.አ. በታተመውና በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው ቅጂ መካከል የ«ኦድ» እና የ«አሮጌ» ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም ነገሩ አንድ ነው። ልብ በሉ፤ ሪቻርድ የሚያወራው ስለ ማልበስ ነው። ቁራጭ ጥቅስ ለቃቅሞ እንደ ድሪቶ ይሰፋል፣ ይለብሳል። ቃሉ ከጨርቅ ወደ ንግግር ሲሻገር በዓይናችን እናየዋለን።

«ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» የሚለው ቅርጽ ብቅ የሚለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በ1740ዎቹ ገደማ ነው። መነሻው ቀድሞ የነበረው «ኦድ ኤንድስ» መሆኑ ይታመናል። ምን ሆነ መሰላችሁ? ገላጭ የነበረው «ኦድ» የብዙ ቁጥር «ስ» ጨመረና ራሱን ችሎ ስም ሆነ፤ በመሐላቸውም «ኤንድ» ገባ። አንድ ሐረግ ተሰንጥቆ ጥንድ ተደረገ ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ እንግሊዝኛ ጥንድ ይወዳል። «ቢትስ ኤንድ ፒስስ» ይላል፣ «ኪዝ ኤንድ ኪን» ይላል፣ «ስፒክ ኤንድ ስፓን» ይላል። ያኮቭ ማልኪየል የተባለው የሥነ ልሳን ምሁር በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እነዚህን «የማይገለበጡ ጥንዶች» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸው የተቆለፈ ስለሆነ። «ኤንድስ ኤንድ ኦድስ» ብንል ሰዋስው አላፈረስንም፤ ሰሚው ግን ፈገግ ይላል። የኛ ጥንድ ደግሞ ለጆሮም የተመቸ ነው። ሁለቱም ቃላት አንድ አንድ ቀለም ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም በአናባቢ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም በ«ድዝ» ያልቃሉ።

የሚወሩ ታሪኮችና ሚዛናቸው

ስለዚህ አነጋገር አመጣጥ ሌሎች ታሪኮችም ይወራሉ። ሁለቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው የጣውላ ቤት ታሪክ ነው። ግንድ በመጋዝ ሲሰነጠቅ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ጣውላዎች ይወጣሉ፤ እነዚያ «ኦድስ» ናቸው ይባላል። ጣውላው በልክ ሲቆረጥ ከጫፉ የሚወድቀው ቁራጭ ደግሞ «ኤንድስ»። ሁለቱ ባንድ ክምር ተጥለው በርካሽ ይሸጡ ስለነበር «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ተባሉ፤ አለቀ። ሥዕሉ ግልጽ ነው፤ መጋዙ ራሱ ይሰማል። ችግሩ ታሪኩ ሁለት የተለያዩ ክምሮች ከመጀመሪያው እንዲኖሩ መፈለጉ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው ግን አሮጌው ቅርጽ «ኦድ ኤንድስ» ነው፤ አንድ ክምር ብቻ ነው ያለው። ጥንዱ የመጣው በኋላ፣ ከቋንቋው ጠባይ ነው። የጣውላው ታሪክ መጨረሻ ላይ የመጣውን ቅርጽ እንደ መጀመሪያ ስለወሰደ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ታሪክ የተማረ ሰው ታሪክ ነው፤ በዚህም የተነሳ ይበልጥ ያሳምናል። በጥንት እንግሊዝኛ «ኦርድ» የሚል ቃል ነበር፤ ጫፍ ወይም መጀመሪያ ማለት ነው። «ኦርድ ኤንድ ኤንዴ»፣ ማለትም «መጀመሪያውና መጨረሻው»፣ የሚል አነጋገርም ነበር። እንግዲህ «ኦርድስ ኤንድ ኤንድስ» በጊዜ ብዛት «ር»ን ጥሎ «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ሆነ ይሉናል። «ኦርድ» እውነተኛ ቃል ነው፤ አነጋገሩም እውነት ነበር። ነገር ግን በ1400 እ.ኤ.አ. በሞተው በቾሰር ዘመን እንኳ ቃሉ እየተረሳ ነበር። በእርሱ ሥራዎች ውስጥ «ኦርድ» በሚገባበት ቦታ «ወርድ»፣ ማለት «ቃል»፣ ተብሎ የተጻፈው ሰዎች አሮጌውን ቃል ስላላወቁት ነው። የተረሳ ቃል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተደብቆ በ1740ዎቹ ከየት ብቅ ይላል? ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ትርጉሙ ነው። «መጀመሪያውና መጨረሻው» ማለት ሙሉው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለት ነው። «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ግን ሙሉው ከሄደ በኋላ የቀረው ነው። ትርጉማቸው ፊትና ጀርባ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ለማንኛውም አነጋገር የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች እናገኛለን፦

1. አነጋገሩ በጽሑፍ የታየው መቼ ነው?
2. በዚያ ዘመን ቃላቱ ታሪኩ የሚለው ትርጉም ነበራቸው ወይ?
3. ከእርሱ በፊት የነበረው ቅርጽ ምንድን ነው? ታሪኩስ እርሱንም ያስረዳል?

ክፍል ውስጥ ቆመን የፈሊጥ ታሪክ ከማውራታችን በፊት እነዚህን ሦስቱን ብንጠይቅ፣ ከብዙ ተረት ራሳችንንም ተማሪዎቻችንንም እናድናለን።

በአማርኛ ምን እንበለው?

አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። እንዲያውም ችግሩ ብዛቱ ነው፤ የትኛውን እንምረጥ?

«ትርኪ ምርኪ» ቅርጹ ለእንግሊዝኛው በጣም ይቀርባል፤ እርሱም ቤት የሚመታ ጥንድ ነው፤ «ምርኪ ትርኪ» ተብሎም አይገለበጥም። ነገር ግን ንቀት አለበት። «ትርኪ ምርኪ ወሬ» ስንል የማይረባ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው ይህን ያህል አይንቅም።

«ኮተት» እና «ግሳንግስ» የሚያጎሉት ብዛቱንና ሸክሙን ነው። ቤት ሲቀየር የሚያስመርረው ኮተት ነው። መሳቢያ ውስጥ ላለች ጥቂት ነገር ይከብዳሉ። «ጓዝ ጉዝጓዝ»ም እንደዚያው፤ እርሱ እንዲያውም ዋናውን ዕቃ ጭምር ይዞ ይሄዳል።

«ቅራቅንቦ» ለአሮጌ የቤት ዕቃ ጥሩ ነው፤ ለሥራና ለሐሳብ ግን አይሆንም።

«ቁርጥራጭ» በአመጣጡ ለ«ኤንድስ» የቀረበ ነው፤ ከ«ቆረጠ» የወጣ ነውና። እዚህ ላይ የአማርኛን ጠባይ ልብ በሉ። እንግሊዝኛ የተበታተነ ነገርን ለመግለጽ ሁለት ቃል በ«እና» ሲያስር፣ አማርኛ በአንዱ ቃል ውስጥ ፊደል ይደግማል። ቁርጥራጭ፣ ስብርባሪ፣ ፍርስራሽ፣ ቅንጥብጣቢ፣ ትርፍራፊ። መበታተኑ በድምፁ ይሰማል።

«ምናምን» የሚለው ግን ሳይታሰብ ሁለት ቦታ ይገጥማል። «አርባ ምናምን ዓመት» ስንል «ፎርቲ ኦድ» ነው፤ «መሳቢያው ውስጥ ምናምን ሞልቷል» ስንል ደግሞ «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ»። ሁለቱን የ«ኦድ» ሥራዎች አንድ የአማርኛ ቃል ሲሠራቸው ማየት ደስ ይላል።

ስለዚህ ተርጓሚው አንድ ቋሚ አቻ ይዞ መዞር የለበትም፤ አገባቡን አይቶ ይምረጥ። ለመሳቢያው «ምናምን» ወይም «አንዳንድ ዕቃ» ይበቃል። አንዲት እናት ወጥ ቤት ካገኘችው «ኦድስ ኤንድ ኤንድስ» ሾርባ ሠራች ከተባለ «የተራረፈውን ሰብስባ ሾርባ ሠራች» ቢባል ያምራል። ለሥራ ሲሆን «የተንጠባጠቡ ጉዳዮች ቀርተውኛል» እንላለን። ልብስ ሰፊ ቤት ከሆነ «ቁርጥራጭ ጨርቅ» ነው። በአንዱም ቦታ «ጎዶሎ» አልገባም፤ «መጨረሻ»ም አልገባም፤ «ቆሻሻ»ም አልገባም።

የተረፈ ነገር ዋጋ አለው የሚለው ሐሳብ ለእኛም አዲስ አይደለም። መርካቶ ያለው «ምን አለሽ ተራ» ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ቤት ውስጥ ምን ተርፎሻል እንደ ማለት። እዚያ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውም «ቆርቆሮ ያለው» ማለቱ ነው። እንግሊዛዊው ልብስ ሰፊ ቁራጭ ጨርቁን ያስቀመጠበትን ምክንያት ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ለተማሪዎቻችን ስናስተምርም የጣውላ ቤት ተረት ከምንፈጥር፣ ይህን የሚያውቁትን ነገር ብናነሳላቸው ይሻላል፤ ትርጉሙን ያገኙታል፣ ውሸትም አይማሩም።

ማጠቃለያ

ባጭሩ፣ «ኦድ» ከቫይኪንጎች ቋንቋ መጥቶ ጥንድ ያጣውን፣ የተረፈውን የሚል ቃል ነው። «ኤንድ» ከመጨረሻነት አልፎ ቁራጭን ይጠራል። ሁለቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ኦድ ኤንድስ» ተብለው ቅጽልና ስም ሆነው ኖሩ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን «እና» መሐላቸው ገብታ ጥንድ ሆኑ። ትርጉማቸው ያልተጣለ ትርፍራፊ ነው።

ታሪኩ ከጣውላው ተረት ያነሰ ያምር ይሆናል፤ መጋዝ የለበትም፣ ነጋዴ የለበትም። ግን ደብተር ላይ ሲጻፍ የሚያሳፍር አይደለም። በየንባባችሁ የምታገኟቸውን ሌሎች ፈሊጦች በነዚያ ሦስት ጥያቄዎች መዝኑና ለሚቀጥለው ዕትም ጻፉልን። ቸር ይግጠመን።